የነጣው ሐብል አቤቱታ

[ሐዋሳ፣ መናኸሪያ። ከአንድ ወርቅ ቤት ፊት ለፊት ያለ ጭማቂ ቤት በረንዳ። ራሔል ስልኳን በስኳር ዕቃው አስደግፋ ፊቷን ታያለች። ጎረቤቷ ሙሉጌጥ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ታቅፋ አጠገቧ ተቀምጣለች።]

ራሔል፦ አንሺው ነው የምልሽ። የተበደለ ሰው ስፕሪስ አይጠጣም።

ሙሉጌጥ፦ የተበደልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምን በወጣኝ?

ራሔል፦ አንቺ ምስክር ነሽ። ምስክር ፊቱ ላይ ሐዘን ይታይበታል እንጂ አቮካዶ ከንፈሩ ላይ አይታይም።

ሙሉጌጥ፦ እሺ፣ ውሃ ልዘዝ?

ራሔል፦ ውሃ ይሻላል።

ሙሉጌጥ፦ የታሸገውን ነው የቧንቧውን?

ራሔል፦ ሙሉዬ፣ ምን ለውጥ አለው?

ሙሉጌጥ፦ ለሐዘኑ ብዬ ነው። የታሸገ ከሆነ ደልቶን የመጣን እንዳይመስል።

ራሔል በአዲስ ከተማ ሰፈር «እሷ የማታውቀው የለም» የምትባል ሴት ናት፤ የምትባለውም በአብዛኛው በገዛ አፏ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አገባች፤ ነፍሰ ጡር ሆና ቤት ስትውል ቲክቶክ ማየት ጀመረች፤ ብሌንን ወልዳ ከአራስ ቤት ስትወጣ የቆዳ፣ የወርቅና የሕግ አዋቂ ሆና ወጣች። «ፍካት» ያለችውን የፊት ማቅያ ክሬምም በስልኳ ትሸጣለች። ክሬሙን ማን እንደሚሠራው አታውቅም። ስሙን ግን ራሷ ስላወጣችለት እንደ ልጇ ታየዋለች።

አሁን ያስጨነቃት አንገቷ ላይ ያለው ሐብል ነው። ብሌን ስትወለድ አማቷ እትዬ ከበቡሽ ከእናታቸው የወረሱትን ጉትቻ ከቱላ ይዘው መጡ። ባሏ ኪሩቤል የጎደለውን ጨመረበት፤ ወርቅ ሠሪው ጋሽ ጠሀ አቅልጠው ለዓይን የሚያሳሳ ሐብል አደረጉት። ያ ሐብል ዛሬ እንደ አሉሚኒየም ድስት ነጥቷል። እሑድ ደግሞ የብሌን ክርስትና ነው። እትዬ ከበቡሽ ገና ከበር ሲገቡ የሚያዩት ልጅቷን ሳይሆን ሐብሉን ነው። እንዲህ ሆኖ ካዩት «ምራቴ የእናቴን ወርቅ ሸጣ ቆርቆሮ አንጠለጠለች» ይላሉ፤ እሳቸው አንዴ ካሉት ደግሞ እስከ ብሌን ሠርግ ይወራል።

ጠዋት ወርቅ ቤቱ ገብታ ነበር። ጋሽ ጠሀ ሐብሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ወርቁ ወርቅ መሆኑን ነግረው፣ ትታላቸው ብትሄድ በደንብ እንደሚያዩት አስረዷት። ራሔል ግን ማስረጃ በተከሳሽ እጅ እንደማይተው ከአንድ የጠበቃ ቪዲዮ ተምራለች። ስለዚህ ሐብሏን አንገቷ ላይ መልሳ፣ ላይቭ ገብታ ለተከታዮቿ አቤት ልትል ሙሉጌጥን አስከትላ መጣች። አገር ሲንጫጫባቸው ሳይወዱ በግድ ይለውጡልኛል ብላ ነው።

ሙሉጌጥ፦ ግን ወርቅ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?

ራሔል፦ ፈትኜዋለኋ። አንዱ ቪዲዮ ኮምጣጤ ውስጥ ንከሪው አለ፣ ነከርኩት። ሌላው ማግኔት አስጠጊበት አለ። የኪሩቤልን ስፒከር ፈትቼ ማግኔቱን አወጣሁ።

ሙሉጌጥ፦ ያዘው?

ራሔል፦ አልያዘውም።

ሙሉጌጥ፦ አለመያዙ ጥሩ ነው መጥፎ?

ራሔል፦ ወርቅ ከሆነ አይይዘውም ይላሉ።

ሙሉጌጥ፦ ታዲያ ወርቅ ነዋ።

ራሔል፦ ስፒከሩ ነው ፎርጅዱ።

ሙሉጌጥ፦ ኮምጣጤውስ?

ራሔል፦ ኮምጣጤውም ምንም አላደረገውም። ውሃ የበዛበት ነው። ዘንድሮ እኮ ትክክለኛ ነገር የለም፣ ሙሉዬ።

ሙሉጌጥ፦ [በጣቷ እየቆጠረች] ሐብሉ ፎርጅድ፣ ስፒከሩ ፎርጅድ፣ ኮምጣጤው ፎርጅድ። ምስኪን፣ አንቺ ብቻ ነሽ ማለት ነው ትክክለኛ።

ራሔል፦ አየሽ፣ ቀስ እያለ ይገባሻል። በይ አሁን ምስክርነትሽን እንለማመድ። ሐብሉን መጀመሪያ ስታዪው ምን ዓይነት ነበር?

ሙሉጌጥ፦ ቢጫ።

ራሔል፦ እንደሱ ቁርጥ አድርገሽ አይደለም። ትንሽ ተንፍሰሽ፣ ወደ ሰማይ አይተሽ።

ሙሉጌጥ፦ [ተነፈሰች፤ ወደ ሰማይ አየች] ዝናብ ሊመጣ ነው።

ራሔል ምስክርነቱን ለሌላ ቀን አሳደረችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ከረፋዱ ፀሐይ ጋር አስማምታ ላይቭ ገባች። ሰላምታ ሰጠች። ሐብሉን ወደ ካሜራው አስጠግታ፣ አማቷ የሰጧት የእናት ወርቅ እንዴት እንደተበላ በረጅሙ አወራች። በሕይወቷ እንዲህ ጥሩ ተናግራ አታውቅም፤ ለመበደል የተፈጠርኩ ነኝ እስክትል ድረስ ራሷን አሳዘነቻት። የሱቁን ስም ግን አልጠራችም። እሱን ለመጨረሻው ያስቀመጠችው ሰዉ በደንብ ከተሰበሰበ በኋላ ለመጣል ነው። ሙሉጌጥ በራሷ ስልክ ኮሜንት እያነበበች በጆሮዋ ትነግራታለች።

ሙሉጌጥ፦ ሊዲያ ከዲላ «የእኔም ቀለበት እንደዚሁ ነጥቷል» ትላለች።

ራሔል፦ [ወደ ካሜራው] ሰማችሁ? ብቻዬን አይደለሁም።

ሙሉጌጥ፦ ሙንተሃ ደግሞ ከሻሸመኔ፣ «የእኔም የእጅ አምባር» ብላለች።

ራሔል፦ ሻሸመኔም ደርሰዋል።

ሙሉጌጥ፦ እነማን?

ራሔል፦ ኔትወርክ ነው፣ ሙሉዬ። እነዚህ ወርቅ ነጋዴዎች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው።

ሙሉጌጥ፦ ይቺ የሶዶዋ ቀለበቷን የገዛችው ዱባይ ሠርታ ስትመለስ ነው አለች።

ራሔል፦ ዱባይ ድረስ እጃቸው ረዝሟል ማለት ነው።

ሙሉጌጥ፦ ሌላዋ ደግሞ ከአያቷ የወረሰችው መስቀል ነው። ከጃንሆይ ጊዜ።

ራሔል፦ ያኔ ነው የጀመሩት።

ሙሉጌጥ፦ ጋሽ ጠሀ ያኔ አልተወለዱም እኮ።

ራሔል፦ አባታቸው አሉ አይደል?

ኮሜንቱ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደ። ነጣብኝ የማትል ሴት ጠፋች። ራሔል ሆዷ በደስታ ሞላ፤ እሑድ ለአማቷ የምትሰጠው መልስም ተዘጋጀ። «እትዬ፣ እኔ ብቻ ሳልሆን አገር ነው የተዘረፈው» ትላቸዋለች። አገር ከተዘረፈ የአንዲት ምራት ጥፋት ምኑ ይታያል?

ሙሉጌጥ፦ ደስ ይላል ግን። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

ራሔል፦ እንዴት ታውቂያቸዋለሽ? ከመናኸሪያ አልፈሽ የት ሄደሽ?

ሙሉጌጥ፦ እኔ ነኛ ዕቃቸውን የማሽግላቸው። የሊዲያን በዲላ ሚኒባስ፣ የሙንተሃን በሻሸመኔ። የሶዶዋ ሁለት ብልቃጥ ነው የምትወስደው፣ አንዱ ለእህቷ ነው። አንድም እንግዳ የለበትም፤ ሁሉም የፍካት ደንበኞች ናቸው።

ራሔል፦ [ፈገግ ብላ] ፍቅር ይሉሻል ይሄ ነው። ስበደል አብረውኝ ተበደሉ።

ሙሉጌጥ፦ እኔም አለሁበት እኮ።

[ሙሉጌጥ ግራ እጇን ከጠረጴዛው በታች አሾልካ ለራሔል አሳየቻት። የጋብቻ ቀለበቷ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል።]

ራሔል፦ [ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ] መቼ ነው እንዲህ የሆነው? ለምን አልነገርሽኝም?

ሙሉጌጥ፦ ምኑን እነግርሻለሁ? ደስ ብሎኝ ነው የቆየሁት። ክሬምሽ ጎበዝ ነው፤ እጄን አልፎ ወርቁንም አቀላው።

[ራሔል ድርቅ አለች። አፏ እንደተከፈተ፣ አንድ እጇ አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። በሌላው እጇ የስልኩን ድምፅ መቀበያ ደፈነች።]

ሙሉጌጥ፦ ራሒ፣ ምን ሆንሽ? አመመሽ?

ራሔል፦ [ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ] ኔትወርክ ተቆራርጦብኛል።

ሙሉጌጥ፦ እኔ ደህና አይሻለሁ እኮ።

ራሔል፦ ደህና ማየት የሌለባቸው እነሱ ናቸው። ቀኝ እጅሽን አሳዪኝ።

ሙሉጌጥ፦ [ቀኝ እጇን ዘረጋች። የእናቷ ቀለበት ቢጫ ሆኖ ቁጭ ብሏል] ይሄኛውን ገና አልጀመርኩትም።

ራሔል፦ ለምን?

ሙሉጌጥ፦ አንቺ ነሻ ያልሽው። በየቪዲዮው መጨረሻ ላይ «ውዶቼ፣ መጀመሪያ አንድ እጃችሁ ላይ ብቻ ሞክሩ» ትያለሽ።

ራሔል፦ እሱ እኮ ለወጉ ያህል ነው የሚባለው።

ሙሉጌጥ፦ እኔ ምን ላድርግ? የቱ ለወጉ፣ የቱ የእውነት እንደሆነ ለይተሽ አልነገርሽን።

ራሔል እንደደረቀች ማሰብ ጀመረች። የሐይቁ አየር ነው ብትልስ? ፀሐዩ ነው ብትልስ? እንደ እሷ ላለ አዋቂ ሰው ምክንያት አይጠፋም። ነገር ግን በዚያው መሀል ብሌን ትዝ አለቻት። ብሌን ጡት ጠግባ ስትተኛ አፍንጫዋን የምትቀብረው እዚሁ አንገት ሥር ነው፤ ሐብሉ ከነጣበት፣ ክሬሙ ከሚቀባበት ቦታ ላይ።

ራሔል፦ ሙሉዬ፣ ወርቅን እንዲህ ያደረገ ነገር ሕፃን ልጅን ምን ያደርጋል?

[ሙሉጌጥ ሶፍት አንስታ ውሃ ነክራ ሰጠቻት። ራሔል አንገቷን ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ከዚያ ሐብሉን በነፃው እጇ ፈትታ ሙሉጌጥ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።]

ራሔል፦ ተሻግረሽ ለጋሽ ጠሀ ስጪልኝ። ይቅርታ ብላለች በያቸው። ለእሑድ ይደርስ እንደሆነም ጠይቂልኝ።

ሙሉጌጥ፦ ኔትወርኩስ?

ራሔል፦ መጥቷል።

ሙሉጌጥ መንገዱን ስትሻገር ራሔል ጣቷን ከስልኩ አነሳች። ፊቷን ከፀሐዩ ጋር ማስማማቱንም ተወችው።

ራሔል፦ [ወደ ካሜራው] እህቶቼ፣ ኔትወርክ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ አፌ የተያዘው። ወርቃችንን የሰረቀን የለም። ያነጣው ክሬሙ ነው። የሸጥኩላችሁም እኔ ነኝ። ዛሬውኑ አቁሙት፤ የምታጠቡ ደግሞ ልጆቻችሁን አሳዩ፣ እኔም ከዚህ ብሌንን ከቤት ይዤ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነኝ። የቀራችሁን መልሱልኝ፤ ብራችሁንም እመልሳለሁ።

ኮሜንቱ እንደገና ጎረፈ። ጠዋት ለጋሽ ጠሀ ያሰናዳችው ዱላ እንዳለ ዞሮ በእሷው ላይ ወረደ፤ አጭበርባሪ ያላት አለ፣ ሕግ ፊት አቆምሻለሁ ያላትም አለ፣ ደግሞ ያንኑ የጠበቃ ቪዲዮ የላከችላትም አለች። ራሔል ሁሉንም አንድ በአንድ «ልክ ነሽ» እያለች ተቀበለች። አጥንቷን ቢሰብራትም ደረቷ ግን ቀለል አላት። ላይቩን ዘግታ ቀና ስትል ሙሉጌጥ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

ራሔል፦ ምን አሉ?

ሙሉጌጥ፦ ወርቁ ደህና ነው፤ ክሬሙ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ነው ያነጣው አሉ። በእሳት ያሳልፉትና ያጥቡታል፣ ቢጫነቱ ይመለሳል። ቅዳሜ ውሰጂው ብለዋል።

ራሔል፦ ተመስገን። እትዬ ከበቡሽ ሳያውቁ አለፈ ማለት ነው።

ሙሉጌጥ፦ እሳቸውን እንኳ አላየኋቸውም።

ራሔል፦ የት?

ሙሉጌጥ፦ ወርቅ ቤቱ ውስጥ።

ራሔል፦ እዚያ ምን ሊያደርጉ መጥተው ታዪያቸዋለሽ?

ሙሉጌጥ፦ ቀለበታቸው ነጥቶባቸው ነዋ። ክሬምሽን በጎረቤት ልጅ ስም እያስላኩ ይቀቡ ነበር አሉ። እሑድ ምራቴ እጄን አይታ ሳትስቅብኝ ብለው በእሳት ሊያሳልፉት መጡ። አንቺ ስልኩ ላይ ፊትሽን ስታዪ ነው በጎንሽ አልፈው የገቡት። አሁን ግን በሩ ፊት ለፊት ስለተቀመጥሽባቸው መውጣት አቅቷቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው መጋረጃው ኋላ ቁጭ ብለዋል። «አየኋቸው እንዳትያት፣ በሞቴ» ስላሉኝ ነው አላየኋቸውም የምልሽ።

[ራሔል ወርቅ ቤቱን አየች። መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ። ተነሳች፤ ወንበሯን አዞረችና ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች።]

ራሔል፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] ሂጂና ኔትወርክ የለም በያቸው። ይለፉ።