ብቻዬን ጀልባ ልነዳ ወጥቼ በመጫኛ ተጎትቼ ገባሁ

ዛሬ አንድ ቄስ ውሃ ዳር ቆመው፣ መስቀላቸውን ዘርግተው፣ ነፍሴን እንዳላጠፋ ለመኑኝ።

እኔ ደግሞ እየተዝናናሁ ነበር። ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ለማታውቁኝ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በርና መስኮት የምሠራ አናጢ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ከሥራ ስገባ ዩቲዩብ ላይ በትንሽ ጀልባ ብቻቸውን ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ሰዎችን አያለሁ። ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ይጠግናሉ፣ ማንንም አይለምኑም።

ይሄን ኑሮማ ተክኜበታለሁ፣ የቀረኝ ውሃው ብቻ ነው አልኩ።

አትሳቁ!

ክረምቱን ሙሉ ከሥራ በተረፈ ኮምፔንሳቶ ጀልባ ሠራሁ። ሸራዋ የእህል መሸፈኛ ነው። ዛሬ በአይሱዙ ጭኜ ከቡሬ ወጣ ብላ ወዳለች የመስኖ ግድብ ወሰድኳት። መቅዘፊያ አልያዝኩም። እውነተኛ ባሕረኛ የሚሄደው በንፋስ ነው ብዬ።

እነዚያ የዩቲዩብ ባሕረኞች ግን አንድ ሕግ አላቸው። ከመውጣትህ በፊት መሬት ላይ ለሚቀር ሰው መቼ እንደምትመለስ ትናገራለህ። ከቀረህ እሱ ይፈልግሃል።

ስልኬን አውጥቼ ኮንታክቴን ወረድኩ። እንጨት ነጋዴ። መስታወት ቆራጭ። የበር ደንበኛ። የበር ደንበኛ፣ አዲሱ። ቀረ ቢባል የሚደነግጥልኝ አንድ ሰው አጣሁ።

ዳር ላይ ከብት የሚያጠጡ አዛውንት ነበሩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ስልኬንና መታወቂያዬን ውሃ እንዳይነካቸው ሰጠኋቸውና፣ "አባባ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ካልተመለስኩ ለሰው ይንገሩልኝ" አልኳቸው።

"ወዴት ልትሄድ ነው ልጀ?"

"ወደ መሐል።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

እስቲ ፍረዱ። እኔ ሴፍቲ መስሎኛል። እሳቸው የሰሙት ኑዛዜ ነው።

መሐል ስደርስ ንፋሱ ቀጥ አለ። ዞር ብዬ ሳይ ዳሩ በሰው ተሞልቷል። ጀልባዬን ሊያዩ የመጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው።

የመጨረሻ ስንብት ነው ብለው ኡኡታው ቀለጠ።

ቄሱ ጥላቸውን ጥለው እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። "ልጀ፣ በቃህ፣ ተመለስ! ምንም ይሁን፣ የመጣብህን አብረን እናየዋለን!"

"አባ፣ ደህና ነኝ! ንፋስ እየጠበቅኩ ነው!"

ቄሱ ወደ አዛውንቱ ዞረው "አእምሮውንም ሳይነካው አልቀረም" አሉ። ውሃ ድምፅ ያደርሳል፣ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

ቀጥለው ጠየቁኝ። "ማን አለህ? ማንን እንጥራልህ?"

አፌን ከፈትኩ። ስም አልመጣልኝም።

ሸራዋን መነካካት ያዝኩ።

ከዚያ አንድ ገበሬ መጫኛ ወገቡ ላይ አስሮ እየዋኘ መጣ። ሌሎቹ መጫኛ በመጫኛ ቀጣጥለው ከዳር ሳቡን። ማንንም የማይለምነው ባሕረኛ፣ ከብት እንደሚጎተት ተጎትቼ ገባሁ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። ቄሱ በመስቀላቸው ዳበሱኝ። አዛውንቱ ቤታቸው ወስደው በእጃቸው አጎረሱኝ። ጎረቤቱ ተራ በተራ እየገባ፣ ለቅሶ እንደሚደረስ ሁሉ አጠገቤ ቁጭ እያለ ዝም ይላል። "ኧረ ሽርሽር ነው!" እያልኩ ትንሽ ታገልኩና ተውኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ከበላሁ ቆይቻለሁ። እንዲሄዱብኝ አልፈለግኩም።

ጀልባዋን እዚያው ትቻት መጣሁ። ከብት ማጠጫ ትሆናቸዋለች።

አሁን ማታ ስልኬ ጮኸ። አዛውንቱ ናቸው። ስልኬ እሳቸው ጋ ሳለ ቁጥሬን ለካ በቄሱ አስጽፈው ይዘውት ኖሯል።

"ልጀ፣ ደህና ገባህ?"

"ገባሁ አባባ።"

"እንዲያ በል። እስክትገባ ብየ ነው ያልተኛሁ።"

ስልኩን ዘግቼ ግማሽ በተላገ በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ።

እና ልጠይቃችሁ፣ ውቅያኖስ ብቻዬን አቋርጣለሁ ያለ ሰውዬ፣ "ደህና ገባህ?" ስለተባለ እንዲህ ይሆናል እንዴ?