«የኛማ በዚህ ዕድሜው…»

ሕፃን የተወለደበት ሕንፃ ሁሉ አንድ ዳኛ አያጣም። የሾመው የለም፣ ደመወዝም አይቆረጥለትም፤ ግን ልጅዎ ሲስቅ፣ ሲገለበጥ፣ ሲቀመጥ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው እሱ ነው። ሐኪም «ደህና ነው» ቢልም ዳኛው ደረጃ ላይ አግኝቶ «እስኪ ልየው» እስኪል ድረስ ነገሩ አልተዘጋም።

የእኛ ሕንፃ ዳኛ ክብርት እትዬ የኛማ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፣ ግን አሁን የሚያስታውሰው የለም። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «የኛማ» ከማለት ስለማይቦዝኑ ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ። «የኛ» የሚሉት አንድ ልጃቸውን ነው፤ ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ፣ በር ሲገባ ትከሻውን አጣሞ የሚያልፍ ግዙፍ ሰው። እናቱ ስለ መጀመሪያ ጥርሱ ሲያወሩ ድንገት ከደረሰ የመሣሪያ ሳጥኑን ታቅፎ ግድግዳ ግድግዳውን ይሸሻል።

ልጃችን ቀኗን ሳትጠብቅ ቸኩላ ነው የመጣችው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሆስፒታል፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ አሳለፈች፤ ቤት ስትገባ ከአንድ ዳቦ እምብዛም አትበልጥም። እትዬ ሊጠይቁን መጡና ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩአት።

«የኛማ ሲወለድ የዚህችን ሦስት እጥፍ ነበር» አሉ። «አዋላጇ ብቻዋን አልቻለችውም።»

ባለቤቴ በጨዋነት ፈገግ አለች። እኔ በሩ የት እንዳለ ላሳያቸው ዳድቶኝ ነበር።

ጥቂት ወራት አለፉ። ልጅቷ ጣሪያውን ማየት ትታ ፊታችንን መከተል ጀመረች። አንድ ጠዋት ዳይፐር ስቀይርላት ዓይን ዓይኔን አየችና ድድዋን ገልጣ ሳቀችልኝ። ሥራዬን ረስቼ ደረጃውን ዘልዬ ወረድኩ።

«እትዬ፣ ሳቀችልኝ!»

«አየር ነው» አሉ። «ሆዳቸው ውስጥ አየር ሲገባ እንዲያ ይላሉ። የኛማ በዚህ ዕድሜው በድምፅ ነበር የሚስቀው፤ ጎረቤት ሬዲዮ የከፈትን መስሎት ቀንሱ ይለን ነበር።»

ስትገለበጥም እንዲሁ ሆነ። እኛ በአንድ ጎኗ ስለዞረች ስናጨበጭብ እሳቸው የሳቸው ልጅ በዚያ ዕድሜው ከአልጋ ተንከባሎ መውረዱን ነገሩን። ልጅ ከአልጋ መውደቁ በእሳቸው ቤት እንደ ሜዳልያ ይቆጠራል መሰለኝ።

ክፋቱ ደግሞ ልጅቷ ትወዳቸዋለች። ሰው መለየት በጀመረችበት ሰሞን አጎቷን አይታ ታለቅሳለች፣ አያቷን አይታ ታለቅሳለች፤ ጢሜን የተላጨሁ ቀን እኔንም አይታ አልቅሳለች። እትዬ ብቅ ሲሉ ግን እጇን እያወናጨፈች ትፍለቀለቃለች።

ዘጠነኛ ወሯን ስትይዝ ቤታችን ጭንቀት ገባ። ከእሷ ጋር እኩል የተወለዱት የሕንፃው ልጆች ኮሪደሩ ላይ ሲድሁ፣ የእኛዋ አስቀምጠን እጃችንን ከለቀቅናት እንደ ጆንያ ዘንበል ትላለች። ሐኪም ጋ ወሰድናት። ሐኪሟ እግሯንም ጀርባዋንም አገላብጣ አየችና፣ «ያለ ጊዜዋ የመጣች ልጅ ዕድሜዋ የሚቆጠረው መወለድ ከነበረባት ቀን ጀምሮ ነው። እየጠነከረች ነው፣ ትደርሳለች። መሬት ላይ በደንብ አጫውቷት» አለችን። ባለቤቴ አንገቷን ነቀነቀች። እስከ ቤት ድረስ ግን ልጅቷን ደረቷ ላይ እንደለጠፈች ነው የመጣችው።

ደረጃው ላይ ደግሞ እትዬ ዘንቢላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እህ፣ ተቀመጠች?»

«አልተቀመጠችም፣ እትዬ» አለች ባለቤቴ። «እኔ እንጃ… ምናልባትም…» ልትጨርሰው አልቻለችም፤ እንባዋ ቀደማት።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉን» አልኩ።

ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። «የኛማ…» ሲሉ ጥርሴን ነከስኩ።

«የኛማ በዚህ ዕድሜው አንገቱ እንኳ በቅጡ አልጠናም ነበር።»

እኔም ባለቤቴም አፈጠጥንባቸው።

«እሱም ቸኩሎ ነው የመጣው። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት እንኳ አልቆመም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከደረጃው ሳያነሱ። «ጎረቤቱ ሁሉ በየቀኑ የኛ ተቀመጠ፣ የኛ ቆመ ይለኛል። እኔም የሌለውን መደርደር ጀመርኩ፤ ከዚያ በሬን ዘግቼ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ኋላ በእግሩ ሲሮጥም መተው አቃተኝ። አፌ ለመደው።»

«ታዲያ ሲወለድ ሦስት እጥፍ ነበር ያሉትስ?» አልኩ።

«አሁን ሦስት እጥፍ አይደለም እንዴ?»

ባለቤቴ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከሐኪም ቤት ከወጣን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የታጠፈ ብርድ ልብስና ሁለት የድስት ክዳን ይዘው መጡ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቷን በሆዷ አስተኝተው ክዳኑን እጇ ከሚደርስበት ትንሽ አርቀው አስቀመጡላት። ተነጫነጨች።

«ተሳደቢ፣ የኔ እናት፣ ተሳደቢ» አሏት። «ስድብ ጀርባ ያጠነክራል። አንቺ ደግሞ» አሉ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «ሂጂና ጋደም በይ።»

ከዚያ ወዲያ የማይመጡበት ጠዋት ጠፋ። ልጅቷ ክዳኑን ያዘች፤ ያዘችና አንኳኳች፤ እያንኳኳች ሳታስበው ተቀመጠች። ከምንጣፉ ላይ ክር በሁለት ጣቶቿ ለቅማ አፏ ውስጥ ትከታለች፣ እኛ እናወጣለን። መዳህ ስትጀምር የሄደችው ወደ ኋላ ነው፤ ከሶፋው ሥር ጎትተን አወጣናት። «ባ ባ ባ» ስትል እኔ «አባባ ማለቷ ነው» አልኩ፤ እትዬ «ባልዲ ነው» ብለው ፈረዱ።

ዓመቷን አልፋ ጥቂት እንደቆየች፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር ተደግፋ ተነሳች። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችው።

«ወፌ ቆመች!» ብላ ጮኸች ባለቤቴ።

ሰው ለእንዲህ ያለ ወሬ መጀመሪያ የሚደውለው ለእናቱ ነው። እኔ ግን አንድ እግር ጫማ አድርጌ ደረጃውን ስወርድ ራሴን አገኘሁት። እትዬ በሳሙና አረፋ የተሞላ እጃቸውን እንደያዙ ተከትለውኝ ወጡ። ስንደርስ ልጅቷ ቁጭ ብላ የወንበሩን እግር እያኘከች ነው። ብናባብላት፣ ብንለምናት፣ ወይ ፍንክች።

«ብዙ ቆመች?» አሉ እትዬ።

«ብዙ!» አልኩ ሳላፍር። «እጇን ለቃ፣ ሩብ ሰዓት ያህል።»

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እትዬ ግን ጥርጣሬ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልታየም። «አምኛለሁ» አሉና እጃቸው በሳሙና ስለተያዘ ዓይናቸውን በክርናቸው ጠረጉ።

ማምሻውን በራችን ተንኳኳ። ከሥራ የተመለሰው ልጃቸው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ነው።

«ግማሽ ሰዓት ቆመች የሚባለው እውነት ነው?»

«ማን ነገረህ?»

«እናቴ ናታ! ለሕንፃው ሁሉ ነው የነገረችው።» ትከሻውን አጣሞ ገባ፣ ሳጥኑን አስቀመጠ፣ ያ ሁሉ ቁመቱ ታጥፎ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እንደ ቧንቧ የወፈረ ጣቱን ዘረጋላት። ልጅቷ ጣቱን አየችው፣ ፊቱን አየችው፣ በሁለት እጇ ጨመቀችው። ከዚያ እያቃሰተች ተነሳች።

እንዳትደነግጥበት ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ «ወፌ ቆመች» ያለው በሹክሹክታ ነው።