የክቡር አቶ አክሮይድ የእጅ ጀርባ

ብርድ በሚጠናበት አገር ሁሉ፣ በየመንደሩ የቤት ማሞቂያ ራዲያተር ሳይዳብስ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አለ። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ራዲያተሩን ነው፤ የቤቱ እመቤት ሁለተኛ ናት። በእጁ ጀርባ ከላይ ይነካዋል፣ ጎንበስ ብሎ ከታች ይነካዋል፣ ከዚያ የታመመ ልጅ ራስጌ እንደቆመ ሐኪም ዝም ይላል። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ዝም ካለ በኋላ መፍቻውን ከኪሱ ያወጣል።

የኛ የሃደርስፊልዱ ዳገት ሰው ክቡር አቶ ክሌመንት አክሮይድ ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። ዛሬ የሚነዱት ውሃ ነው።

"ውሃ ሰነፍ ነው" ይላሉ። "ከሚሞቅበት ቦይለር ሲወጣ ቅርብ ራዲያተር ካገኘ እዚያው ገብቶ ይመለሳል። ሩቅ ክፍል ድረስ መሄድ ማን ይወዳል?"

ስለዚህ ሩቁ እንዲደርሰው ቅርቡን ያንቃሉ። ከራዲያተሩ ግርጌ ነጭ ቆብ የደፋች ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሌላው ሰው መኖሯንም አያውቅም። እሳቸው ቆቧን አንስተው ጥቂት ያጠብቃሉ፣ ይዳብሳሉ፣ ደግሞ ትንሽ ያላላሉ። ሲጨርሱ ጣታቸውን ቀስረው "አሁን ማንም እንዳይነካው!" ይላሉ። መጀመሪያ የሚነካው እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ዊኒፍሬድ ሳሎኗ ውስጥ ካፖርት ለብሳ ነው ቴሌቪዥን የምታየው። "ሳሎኔ ለቦይለሩ ቅርብ ስለሆነ ተፈርዶበታል" ትላለች። "መታጠቢያ ቤታችን ግን ዳቦ ይጋግራል።"

በአቶ ፊርዝ የቀብር ጸሎት ላይ የሆነውንማ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል። ሰባኪው "ወንድማችን አሁን አርፏል" ከማለታቸው ከመስኮቱ ሥር ረጅም ፉጨት ተሰማ። አቶ አክሮይድ ጥቁር ሱፋቸውን እንደለበሱ ተንበርክከው ከቤተ ክርስቲያኑ ራዲያተር አየር ያስወጣሉ። የሟች ሚስት ሳቋን መያዝ አቃታት። ወጥተን ሻይ ስንጠጣ፣ "አመሰግናለሁ ክሌም፣ ከሞተ ወዲህ የሳቅኩት ዛሬ ነው" አለቻቸው። "እግሬ ግን እንደቀዘቀዘ ነው።"

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ልጄ ጆሴሊን ጊዜዋ ሳይደርስ ወለደች። ሕፃኑ አንድ ዳቦ ቢያህል ነው። ቅዳሜ ከሆስፒታል ሊወጡ ሆነ፤ ነርሷም የሚተኛበት ክፍል ሙቀቱ የማይዋዥቅ ይሁን አለች። እኔ ያለኝ የኋላው መኝታ ክፍል ነው፣ ከቦይለሩ ከሁሉም የራቀው። ልጄ ማርገዟን የሰማሁ ዕለት ወፍራም መጋረጃ ሰፍቼ ሰቀልኩለት፤ ባሰበት እንጂ አልሞቀም።

"እማዬ፣ ካልሞቀ አማቴ ጋ እንሄዳለን" አለች ጆሴሊን። የአማቷ ቤት ወለሉ ራሱ ይሞቃል። ሴትየዋ ይህን ሳይጠየቁ ይናገራሉ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ሌሊቱን እዚያ ወለል ላይ ሊያድር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ አቶ አክሮይድንም ጠራኋቸው። ማንም ጠርቷቸው አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሳይጠሩ ነው የሚመጡት። በሬ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ተጀመረ።

"የሳሎኑን አነቅኩት።"

"ደግ አደረግህ።"

"የኮሪደሩንም።"

"ኮሪደሩ ደግሞ ምን አደረገህ?"

"ቅርብ ነዋ ኤድና! ቅርብ!"

እሳቸው ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እኔ ከኋላቸው እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ የሕፃኑን አልጋ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እገፋለሁ። ወጥ ቤቱ ጋለና ቅቤው ቀለጠ። ሳሎኑ በረደና ድመቷ ተቀይማ ወጣች። የኋላው ክፍል እንደነበረ ነው። እሳቸው ደግሞ ጥፋቱ የቅርቦቹ ነው ብለው ስለቆረጡ፣ እሱን ከበሩ አንገታቸውን አስግገው አየሩን ያሸቱታል እንጂ አይገቡም።

"ቤቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይተንፍስ" አሉ።

"እሱ ሲተነፍስ እኔ ልሞት ነው!"

ስልኩ ጮኸ። ጆሴሊን ናት። "መኪና ውስጥ ገብተናል እማዬ። ሞቀ?"

አቶ አክሮይድን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ።

"እየሞቀ ነው" አልኳት።

"እየሞቀ ነው ማለት አልሞቀም ማለት ነው። መገንጠያው ጋ ስንደርስ እደውላለሁ። ካልሆነ ወደ አማቴ እንታጠፋለን።"

አቶ አክሮይድ ወደ ላይ ወጡ። ተከተልኳቸው። ከበሩ ቆሜ ሳይ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ተንበረከኩ፣ መጋረጃዬን ገለጥ አደረጉ። ብርድ ልብስ ገበር አድርጌ እስከ ወለል ያወረድኩት መጋረጃ ራዲያተሩን ከነቫልቩ ውጦታል። ቁጥር የተጻፈበት የቫልቩ ራስ ሙቀት ሲሰማው በራሱ የሚዘጋ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ታፍኖ ክፍሉ የሞቀ መስሎት ዘግቶ ተቀምጧል። እኛ ከመጋረጃው ወዲህ እንንቀጠቀጣለን።

ገባኝ። ፊቴ ጋለ። ስብከቱን ጠበቅኩ፤ በዚህ መንገድ ላይ ጥፋቱ በአቶ አክሮይድ ያልተነገረው ሰው የለም።

እኔን አዩኝ። መጋረጃውን አዩ። ስፌቱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

"ይህን ቫልቭ እዚህ የገጠመው ሰውዬ" አሉ፣ "ጭንቅላት የሚባል አልተፈጠረለትም። ወደ ላይ አቁሞታል እኮ! ተጋድሞ ወደ ክፍሉ ማየት ነበረበት። መርፌ ቁልፍ አለሽ?"

ቫልቩን የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ባትሪ ያበራሁላቸው እኔ ነኝ።

"ምን ዓይነት አህያ ነው!" አልኩ።

"አህያ" አሉ፣ መጋረጃውን እስከ መስኮቱ ደፍ አጥፈው እየቆለፉ። "ስፌቱ ግን ጠንካራ ነው።"

ከዚያ ጠዋት ያነቁትን ሁሉ ሊያላሉ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወረዱ። እኔ እላይ ቀረሁ። ራዲያተሩ አጉረመረመ፣ ቆየ፣ ደግሞ አጉረመረመ። እጄን ከላዩ አላነሳሁም። ስልኩ ሲጮህ መዳፌ ሊቃጠል ነበር።

"ሞቋል" አልኳት። "ነይ።"

ጆሴሊን ሕፃኑን ታቅፋ ስትገባ አቶ አክሮይድ ሰላም እንኳ አላሏትም። በእጃቸው ጀርባ የሕፃኑን ግንባር ነኩ። ጎንበስ ብለው ከፎጣው ሥር እግሩን ነኩ። ዝም አሉ። እኔ የመፍቻውን ኪስ አየሁ።

"ከላይም ከታችም እኩል ነው" አሉ በመጨረሻ። "አሁን ማንም እንዳይነካው።"

ከዚያ ደግመው ነኩት።