ሐሳብ በግራም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የደብረ ብርሃን አህዮች ሁሉ ወርቅ አድርገው ነበር። አንዷ ሦስት ድሪ አንገቷ ላይ ደርድራ፣ ጭድ ተጭና በአጠገቤ ስታልፍ ከኋላ የሚነዳት ሰውዬ አፍሮ ፊቱን አዞረብኝ። ለአህያ ማር አይጥማትም ይባላል፤ ወርቁ ግን አምሮባት ነበር። የገረመኝ ግን ወርቁ አይደለም። የገረመኝ ዋጋውን ልገምት ብሞክር አለመቻሌ ነው። እኔ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። የሰው ኮት እንኳ ሳይ ስንት እንደተገዛ በልቤ ሳልገምት አላልፍም።

ቀኑ የጥሎሼ ቀን ነበር። ሚዜዬ አንዳርጌ ሻንጣውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላው እከተላለሁ። አንዳርጌ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ በሕልሜም ያው ራሱ ነበር፣ ምንም አልተለወጠም። ሻንጣው ውስጥ ቬሎ፣ ካባ፣ ሽቶና ከዱባይ የመጣ ጫማ አለ። ከሁሉም በላይ የአንገት፣ የጆሮና የእጅ ወርቅ አለ። ለወርቁ ስል መኪናዬን ሸጫለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሽራዋ ቤት ደርሰን ጥሎሹ ተቀባይነት ካላገኘ ሙሽራዬን ረድኤትን አይሰጡኝም። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ በሕልም እንደሚሆነው ዝም ብዬ አውቄዋለሁ።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ የዜብራው ነጭ መስመሮች አንድ በአንድ እየተነሱ መንገዱን ይሻገሩ ነበር። እግረኞቹ ዳር ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኛም ቆምን። አንድ ትራፊክ ፖሊስ መጣና ሻንጣውን አሸተተው።

«ወርቅ ነው?» አለኝ።

አዎ አልኩት፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። አዘነልኝ። ኮቱን አውልቆ ሻንጣውን ሸፈነልንና ሰው ቤት ይዘነው ከመግባታችን በፊት አንድ ቦታ እንድንጥለው፣ በተለይ ልጆች እንዳያዩት አደራ አለን። ቅጣት ልከፍለው እጄን ኪሴ ብሰድ እሱ ከፈለኝና ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ አገር ወርቅ ማለት ከአህያ ጌጥ አያልፍም። ጥሎሽ የሚባለው ሐሳብ ነው፤ ሙሽራው ስለ ሙሽራዋ ያሰበው ነገር ተመዝኖ፣ ተጠቅልሎ ይቀርባል። አንዳርጌ አትጨነቅ፣ ወርቅ ቤቶቹ ሰፈር ሄደን እናስመዝናለን አለኝ። እንዳለው ሄድን። መስኮቶቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ሰዉ ተሰልፎ ሚዛኑ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ይልና ሳህኑ ላይ የሆነ ነገር ያንሾካሹካል፤ ሳህኑ እንደ ነገሩ ክብደት ዝቅ ይላል።

ከፊታችን አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት ነበሩ። «ባለቤቴ ከመነሳቷ በፊት የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት» አሉት ለሚዛኑ። «ሲጢጥ ሲል ራሷን ያማታል።» ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ጓ ብሎ አረፈ። ከእሳቸው ቀጥላ አንዲት ሽክ ያለች ሴት ቀረበችና ቀኑን ሙሉ ስለ ባሏ ስታስብ እንደዋለች፣ የት እንዳመሸ፣ ከማን ጋር እንዳመሸ ስታሰላስል ምሳ እንኳ እንዳልበላች በዝርዝር አወራች። ሳህኑ ንቅንቅ አላለም። ከሚዛኑ ኋላ የቆመው ወርቅ ሠሪ በትሕትና፣ «እመቤቴ፣ ይኼ ስለ ራስዎ ያሰቡት ነው» አላት።

የእኔ ተራ ደረሰ። ረድኤትን ከልቤ እወዳታለሁ አልኩ። ወርቅ ሠሪው ቃሌን በትንሽ ብሩሽ ጠራርጎ ወደ መሬት ጣለው። ይህን የማያመጣ ሰው እንደሌለ፣ እነሱም ዕቃ እንዳይሰበር መሙያ እንደሚያደርጉት ነገረኝ። ተናደድኩ። ለእሷ ስል መኪናዬን ሸጫለሁ አልኩት። ሳህኑ ተስፈንጥሮ ወደ ላይ ተነሳና አገጬን መታኝ።

ሰውዬው ግን ታጋሽ ነበር። ሲበርዳት ምን ታደርጋለች ብሎ ጠየቀኝ። ትለብሳለች አልኩት። ምን ያስፈራታል አለኝ። ከረባቴን አስተካከልኩ። ዝም ብላ መስኮት ስታይ ምን እያሰበች ነው አለኝ። መስኮት ስታይ አይቻት አላውቅም አልኩት፣ እውነቴን ነበር። ሰልፈኛው በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱማ ስለ ሚስቱ ካሰበው ቆንጥሮ ሊመጸውተኝ ፈልጎ ነበር፤ ወርቅ ሠሪው ግን ሐሳብ በልክ የተሰፋ ነው፣ ለሌላ ሰው አይሆንም ብሎ መለሰው። ውጭ ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር።

አንዳርጌ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ወደ ሚዛኑ ጠጋ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቅፋ ነው የምትይዘው። ጣቶቿ ቶሎ ይደነዝዛሉ። ሻይ የምታዘውም ለመጠጣት አይደለም፣ ለመያዝ ነው።»

ሳህኑ ወረደ። ጠረጴዛው መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ሰልፈኛው አጨበጨበ፣ የእኔም አንጀት ቅቤ ጠጣ። ተረፍን ብዬ የአንዳርጌን ጀርባ መታ መታ አደረግኩት። ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅኩትም። ነጋዴ ዕቃው ደህና ከሆነ ከየት መጣ ብሎ አያበዛም። ወርቅ ሠሪው ሐሳቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠን፤ አንዳርጌ ተቀብሎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ረድኤት ቤት ሆንን። ስንገባ አላስታውስም፤ ውስጥ ነበርን። ደጅ ቆመው የሚያንኳኩት የቤቱ ባለቤቶች ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት በገዛ ደጃፋቸው ላይ ሆነው «እባካችሁ አስገቡን፣ ከሩቅ ነው የመጣነው» ይሉኛል። በደንቡ መሠረት ትንሽ ካስለመንኳቸው በኋላ ከፈትኩላቸው። ዘመድ አዝማዱ ተግተልትሎ ገባ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከዘራውን ተደግፎ ቆመና «እደጉ፣ ተመንደጉ» ብሎ መረቃቸው። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ።

አንዳርጌ እንደ ሚዜ ወጉ ሻንጣውን ከፍቶ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ላይ እያነሳ ማሳየት ጀመረ። ቬሎውን ሲያነሳ ቤቱ ጸጥ አለ። ጫማውን ሲያነሳ ጉምጉምታ ተሰማ። ወርቁን ሲያነሳ አንዲት ሴትዮ ከጎኗ የተቀመጠችውን ልጃገረድ ዓይን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አሉኝ ወይዘሮ የሺመቤት።

አንዳርጌ ፈጠን ብሎ ከደረት ኪሱ ጥቅሉን አወጣ። ጋዜጣውን ፈታና ባዶ መዳፉን ከፍ አድርጎ የሻዩን ነገር ተናገረ። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። በእኛ አገር ጥሎሽ ሲቀርብ የሙሽራዋ ጓደኞች አነሰ፣ ይጨመር እያሉ ያስቸግራሉ፤ እነዚህ ግን በዛ፣ ይቀነስ እያሉ ጮኹ። ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ልቀመጥ ወንበር መፈለግ ጀመርኩ።

አጎቷ ጋሽ ተካልኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሐሳቡን ከአንዳርጌ ተቀብለው እንደ ወርቅ ነከስ አደረጉት፣ ወደ ብርሃንም አዙረው አዩት።

«ንጹሕ ነው» አሉ። «የሙሽራው ግን አይደለም።»

«የእኔ ነው» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከየት እንዳመጣሁት ምን ያደርግልዎታል? እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

አልተቆጡም። ተነስተው ወደ እኔ መጡና ከኮቴ ላይ የሙሽራ አበባዬን ነቅለው አንዳርጌ ኮት ላይ ሰኩት። ልጅቱ የምትሰጠው ላሰበላት ሰው ነው አሉ፤ ይህን ያሉት የሱቅ ሰዓት አልፏል እንደሚባለው፣ እንዲያው በቀላሉ ነው። አንድ ሰው ሻንጣውን አምጥቶ ራሴ ላይ ጫነው። አንዳርጌን አየሁት፣ አይሆንም ይላል ብዬ ጠበቅኩት። እሱ አበባውን አስተካከለ። እስከዚያ ድረስ በሁሉም ነገር ውስጥ ውስጡን እስቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም። ረድኤትን እንዳላጣት ፈራሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ለመንኳቸው። እሷን ራሷን ጠይቋት አልኳቸው። ተማክረው ፈቀዱልኝና ረድኤት ከጓዳ ወጣች። ሹራቧን ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደነገሩ አስራ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ የተለመደ ነገር የነበረው እሷ ብቻ ነበረች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለችኝ። «ጫማ የሚጠበኝ የትኛው እግሬ ነው?»

ለሁለት እግር ሁለት መልስ ነው ያለው፤ ባላውቀውም ልገምት እችል ነበር። ቀኝ ልል አፌን ስከፍት የዱባዩ ጫማ ዋጋ ወጣ። ግራ ልል ስሞክር ቀረጡ ወጣ። አፌን በእጄ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ እንደገና ስሞክር፣ ሁለት ለሚገዛ የሚደረገው ቅናሽ ወጣ። እንግዶቹ መሬት መሬት አዩ። ወይዘሮ የሺመቤት ልጄ አፈረ ብለው ውኃ አስመጡልኝ። ፀሐይዋ መስኮቱ ጋ መጥታ ቆማ ነበር፤ ለእኔ ስትል የምትዘገይ ይመስለኝ ነበር።

ረድኤት ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም፣ ባለመቆጣቷ ነው ይበልጥ የከፋኝ። ብዙ ጊዜ እንደዚህ ጠብቃኝ እንደምታውቅ ከአቀማመጧ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ግድ የለም አለችና ልትነሳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ስታደርግ ነቃሁ።

ነግቷል። ጥሎሹ በእውንም ዛሬ ነው። ሻንጣው ተቆልፎ አልጋዬ ሥር አለ፤ አንዳርጌም ለሚዜነቱ እኔ ዘንድ አድሮ ሳሎን ሶፋው ላይ ያንኮራፋል። የወርቁን ዋጋ ሞከርኩት፣ እስከ ሳንቲሙ አስታወስኩት፣ ደስ አለኝ። አህያ ወርቅ የሚያደርግበት አገር እንደሌለ ለማረጋገጥ መጋረጃውን ገልጬ መንገዱን አየሁ። የለም። ያም ሆኖ ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ረድኤት ወዲያው አነሳችው።

እንዴት አደርሽ እንኳ አላልኳትም። «ረድኤት፣ ጫማ የሚጠብሽ የትኛው እግርሽ ነው?» አልኳት።

ድምጿ ለስለስ ብሎ መጣ፤ ከእኔ ጋር ስታወራ እንዲህ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

«አንዳርጌ ነው የነገረህ?»