ባላጋራን የሚስም ጠበቃ

ሰውን እንደ ራሱ ጠበቃ የሚያናድደው ፍጡር በዓለም ላይ የለም። ባል ቢያናድድ ባል ነው፤ ፈትተውት ይሄዳሉ። የባል ጠበቃ ቢያናድድ እንጀራው ነው። ይሟገትልኛል ብለው የያዙት የገዛ ጠበቃ ግን ፍርድ ቤት በር ላይ ከባላጋራ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳም ሲገኝ፣ ይህ በየትኛው ሕግ ይዳኛል?

ብርቅዬ በዚያ ክረምት ይህን ጥያቄ በአዲስ ከተማ ያልጠየቀችው ሰው የለም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ደረሰ የሚባለው ባሏ ወደ ዲላ ሲዛወር ፍቺ ጠየቀ፤ ይሁን አለችው። ቀጥሎ ልጃችንን ትዕግሥትን ይርጋለም እናቴ ዘንድ አሳድጋታለሁ አለ። ሕጉ እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን ለእናቱ ነው ይላል፤ ትዕግሥት ደግሞ ስድስተኛዋን ይዛለች። ብርቅዬ ልጄን ቀሙኝ ብላ ፒያሳ ወዳለው ወደ ክቡር ጠበቃ አቶ ፍቅርተማርያም ቢሮ ሮጠች።

"አይዞሽ ልጄ፣ ነገሩ በእኛ እጅ ነው" አሏት።

ክቡርነታቸው በሁለት ዘመን መካከል ተሰንቅረው የቀሩ ሰው ናቸው። የቀበሌውን ሊቀ መንበር "ጓድ ጌታዬ" ነው የሚሉት። ሰላምታቸውማ ማለቂያ የለውም። ደረሰን ባገኙት ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ጤናውን፣ ሥራውን፣ እናቱን ይጠይቁታል። አንድ ቀን ጭራሽ ሻይ ቤት ተቀምጠው ቦምቦሊኖ እየገመሱ ሲያጎርሱት ደረሰችባቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ የማን ጠበቃ ነዎት?" አለች፣ ደረሰ ከሄደ በኋላ።

"ያንቺ ነኛ።"

"ታዲያ ከሱ ጋር ምን ያስቀምጥዎታል?"

"ካንቺ ጋር ተቀምጬ የሱን ሐሳብ ከየት አገኛለሁ? ነገሩ በእኛ እጅ ነው።"

በሳምንቱ ደግሞ ይርጋለም ወርደው፣ በመልክ እንኳ ለማያውቁት ለደረሰ አጎት ለቅሶ ደረሱ አሉ። አማቷ ቤት አድረው፣ በልተው ጠጥተው ተመለሱ። ብርቅዬ ሌላ ጠበቃ ልትፈልግ ተነሥታ ነበር፤ የቀጠሮው ቀን ደረሰባት።

በጊዜው የፍቺን ነገር የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ባልም ሚስትም የየራሳቸውን ይሰይማሉ። ብርቅዬ የክርስትና አባቷን አስባለች። ክቡርነታቸው ግን ሳያማክሯት ተነሡና "በእኛ በኩል ወይዘሮ ከበቡሽን ሰይመናል" አሉ።

ወይዘሮ ከበቡሽ የደረሰ እናት ናቸው፤ ከይርጋለም መጥተው እዚያው ተቀምጠዋል። ብርቅዬ ደሟ ፈላ። ልጄን አሳልፎ ሸጣት ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ የደረሰ ሽማግሌ አቶ ደበሌ ቀደሟት።

"ሴት ለሽምግልና ስትቀመጥ የት ታይቶ ያውቃል?"

"ጓዶች" አሉ ክቡርነታቸው በትሕትና፣ "የሴቶች እኩልነት በታወጀበት ዘመን ሴት አትዳኝም የሚል ካለ፣ ቀበሌ ሄደን ብንነጋገርበት ይሻላል።"

አቶ ደበሌ ሳል ያዛቸው። ወይዘሮ ከበቡሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊናገሩ ሲሉ ደረሰ ብድግ አለ፤ እናት ስትናገር ተቀምጦ መስማት በቤታቸው ነውር ነው።

"እኔ የወለድኩትን አሳድጌ ጨርሻለሁ" አሉ። "አንተ ዲላ ልትንፈላሰስ፣ ልጅህን በኔ ባለቀ ወገብ ላይ ልታዝል? ማን ጠየቀኝ? እኚህ ሰውዬ ለለቅሶ መጥተው ባይነግሩኝ አልሰማም ነበር። እናቷ በሕይወት እያለች የልጅ ልጄን አላሳድግም። ትዕግሥት ከእናቷ ጋር ትኑር፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ዘንድ ትምጣ።"

ደረሰ መሬት መሬት ያያል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ቢሆን ይግባኝ ይባልበታል፤ በእናት ላይ ይግባኝ ለማን ይባላል? ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ አጸደቁት።

ክቡርነታቸው ደረሰን አቅፈው እያጽናኑ ወጡ። ብርቅዬ በንዴትና በደስታ መሀል እያለቀሰች ቀረች። ምናለ አስቀድመው ቢነግሯት? ያን ሁሉ ቀን በእሳት ላይ ምን አስቀመጣት? ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻቸውም።

ከወራት በኋላ ትዕግሥትን ይዛ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ፣ ከፊቷ ያለችው ጎረቤቷ ዘነበች ስለ ጠበቃ ወሬ አነሣች።

"ያ ፍቅርተማርያም የሚባለው ደግሞ ወላዋይ ነው፤ ሁሉ ወዳጁ" አለች።

ብርቅዬ የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

"ስሚ ዘነበች" አለች፣ "እሳቸውን መስደብ የኔ ፋንታ ነው። አንቺ የራስሽን ጠበቃ ይዘሽ የራስሽን ስደቢ።"