ነገን ያወቀው ላፕቶፕ

ሰው ፊት ስሆን ድምፄ አይወጣም። ኮምፒውተር ደጉ! ድምፅ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። እሱስ አለኝ።

ላፕቶፔን የገዙልኝ ያባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታደገ ናቸው፤ ኮላ ድባ በምትባል አገር ሽንብራ ያመርታሉ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ጎንደር እኛ ቤት መጡና ቁርጡን ነገሩን። ይህ ዕቃ እስከ መስቀል አንድ ረብ ያለው ነገር ካላሳየ ይሸጥና የውኃ መሳቢያ ሞተር ይገዛበታል። ምን ላድርግ? አልቅሼ ልለምን? እምቢ! ላሳያቸው ቆረጥኩ።

የኢኮኖሚ ካላንደር ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። የየአገሩ የወለድና የነዳጅ ወሬ መቼ እንደሚነገር፣ ከተነገረም በኋላ ውጤቱን የሚይዝ ሰንጠረዥ ነው። የውኃ ሞተር ነዳጅ ይጠጣልና ለአያ ረብ ያለው ነገር ይህ ነው ብዬ ያዝኩ። ላይብረሪ ደግሞ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ ነው፤ እኔ ያገኘሁት ቀን ስትሰጡት ሰንጠረዡን ያመጣል።

ጳጉሜን ነበርና ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ጻፍኩለት። እንዲህ ያለ ወር የለም አለኝ። የት ያውቀዋል! ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ለወጥኩና የሚመጣውን ወር ጻፍኩለት። መብራት ጠፋ፤ ጠበቅኩ። ኔትወርክ ሄደ፤ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሰንጠረዡ ዱብ አለ።

ገና እኛ ቤት ወደነበሩት ወደ አያ እየሮጥኩ ሄድኩ። የሚመጣው ወር የነዳጅ ወሬ ውጤቱ ሳይቀር እዚህ ተጽፏል አልኳቸው። ሸጋ ይሉኛል ስል ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ገና ያልሆነውን ማን ነገረው?»

«ላይብረሪው፣ አያ።»

«ነገን የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው፤ ሌላው ጠንቋይ ነው። ምነው፣ ሽንብራ ሸጬ ጠንቋይ ገዛሁ?»

የሞተሩ ነገር ቀረ። ለሌላ ክርስቲያንም አይሸጥ፣ ይሰበር አሉ።

ላፕቶፑን አቀፍኩና «አይሰበርም!» አልኩ። ጮክ ብዬ! ከሳቸው ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ኮዱን መስመር በመስመር አየሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ወሩን በፈረንጅ ስለውጥ ዓመቱን በእኛው ትቼዋለሁ። ለካ የመጣው ስምንት ዓመት ያለፈው ወሬ ነው።

እያፈርኩ ነገርኳቸው። «እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ዓመቱን አርሜ እንደገና ጠየቅኩ። ቀኖቹ መጡ፤ የውጤቱ ቦታ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ።

አያ ባዶውን በጣታቸው እየተከተሉ ፊታቸው በራ። «አሁን ጨዋ ሆነ! የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ይቀመጥ።»

አያችሁ? አንድ ነገር ያሳይልኝ ብዬ ስንት ለፋሁ፤ ላፕቶፔን ያተረፈልኝ ግን ምንም አለማሳየቱ ነው።