አሥር ሺህ አንድ ሴራሚክ

(ሰፊ አዳራሽ። ሴራሚኩ እስኪደርቅ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በካርቶን ተሸፍኗል። ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር የእህቱን ባል ከውርደት ላድነው ብሎ መጥቷል። ላድንህ የሚል ሰው በር ሲያንኳኳ፣ የሚድነው ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።)

መምህር፦ አይሆንም አልኩህ፣ አይሆንም!

አንጣፊ፦ ሆኗል እኮ፣ ጋሼ!

መምህር፦ አንድም ሳትቆርጥ?

አንጣፊ፦ አንድም ሳልቆርጥ፣ አንድም ሳይተርፈኝ። አሥር ሺህ አንድ መጣ፣ አሥር ሺህ አንድ ተነጠፈ።

መምህር፦ ለመሆኑ ይህን ቁጥር ታውቀዋለህ? ከፊት ብታነበው፣ ከኋላ ብታነበው ያው ነው!

አንጣፊ፦ እሰይ! እኔም የጀመርኩት ከኋላ ነው።

መምህር፦ ዳርና ዳር አንድ አንድ፣ መሃል ሦስት ዜሮ!

አንጣፊ፦ የእኛ ቤት አልጋ በሉኛ። እኔና እህትዎ ዳር፣ ሦስቱ ልጆች መሃል።

መምህር፦ ቀልዱን ተወው! ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም።

አንጣፊ፦ ወይ ስስት!

መምህር፦ ስለዚህ እኩል እኩል መደዳ አይወጣውም። ሳይቆረጥ ይነጠፍ ካልክ አንድ መደዳ ብቻ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ኮሪደር!

አንጣፊ፦ ታዲያ ሙሽሮቹ በታክሲ ይገባሉ።

መምህር፦ ሳቅ፣ ሳቅ! ለአዳራሹ ባለቤት ደውዬላታለሁ።

አንጣፊ፦ (ሳቁ ክው ብሎ) ምን ብለው?

መምህር፦ «አማቼ የዋህ ነው፤ የቆረጠውን ሴራሚክ ጥግ ላይ ደብቆት ይሆናል፣ ይቅር በዪው» ብዬ።

አንጣፊ፦ ጋሼ ገደሉኝ! አንድ የተቆረጠ ካየሁ ሁሉንም አስነቅላለሁ ብላ ምላለች! የሁለት ወር ጉልበቴ!

መምህር፦ ለዚህ አይደል ቀድሜ የለመንኩልህ? መንገድ ላይ ናት።

አንጣፊ፦ ቆይ፣ ለስንት ለስንት ሞከሩት?

መምህር፦ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት… ሁሉንም እምቢ! ሰባ አንድም እምቢ ሲለኝ፣ እስከዚህ እምቢ ያለ ከእንግዲህ እሺ አይልም ብዬ ብዕሬን ከደንኩ።

አንጣፊ፦ እህትዎም ስንቴ እምቢ ብላኛለች። እኔም ብዕሬን ብከድን ኖሮ ዛሬ አማች አልነበረዎትም!

(ከውጭ የሴት ጫማ ኳ ኳ ይሰማል።)

መምህር፦ መጣች! አንሳው ካርቶኑን፣ ጉድህን ቀድሜ ልየው!

(አንጣፊው ካርቶኑን ይገፋል። መምህር በጉልበቱ እየዳኸ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይቆጥራል።)

መምህር፦ …ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ…

አንጣፊ፦ ሰባ ሦስት። በርዝመቱ መቶ ሠላሳ ሰባት።

(መምህር ካርቶኑ ላይ በጠመኔ ያባዛል። ጠመኔው ይሰበራል።)

አንጣፊ፦ ስንት መጣ?

መምህር፦ አሥር ሺህ… አንድ። ቀጥሎ የምሞክረው እኮ… ሰባ ሦስት ነበር!

አንጣፊ፦ ከደጃፉ ደርሰው ነዋ የተመለሱት!

(በሩ ይከፈታል።)

አንጣፊ፦ ይግቡ፣ እትዬ! ከጥግ እስከ ጥግ ይፈልጉ። እዚህ ቤት ተቆርጦ የቀረ ነገር ቢኖር፣ የጋሼ ሒሳብ ብቻ ነው።